አፈር ያልለበሰ ልጅ

ጆሃንስበርግ፣ ጂፒ ሰፈር ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ሲሞት ወገኖቹ ቀድመው የሚያዋጡት ለሬሳው መሸኛ ነው። ዕዳ ትቶ ቢሄድም፣ ልጆቹ ቢቸገሩም፣ ሬሳው አገሩ ገብቶ አፈር ካልለበሰ ለእናቱ ለቅሶው አይወጣላትም። ስለዚህ ከዚያው ከተማ በስተደቡብ፣ ፈረኒኺንግ የሚኖሩት የድሬየር ቤተሰቦች ያሳለፉትን ዐሥር ዓመት ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስቸግርም።

ልጃቸው ዴዮን የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በዲሴምበር 1994 (እ.ኤ.አ.) ኖርዘርን ኬፕ ውስጥ ቦስማንስጋት በሚባል ውኃ የሞላው ዋሻ ሲጠልቅ እዚያው ቀረ። ወላጆቹ በጉድጓዱ አፋፍ፣ ዓለቱ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖሩለት። ሌላ ምን ያደርጋሉ?

በኦክቶበር 2004 አውስትራሊያዊው የአውሮፕላን አብራሪ ዴቭ ሾው 270 ሜትር ወርዶ ወለሉ ላይ ሬሳውን አገኘ። ተመልሼ አወጣዋለሁ አለ። ወላጆቹ ደስ አላቸው፤ እንዴት አይላቸው! ግን ሐዘኑ የነሱ፣ ጥልቀቱ የሱ ነበር። ሾው ዴዮንን ባያገኝም ይወርድ የነበረ ሰው ነው። ሬሳው የሰጠው ማንም «ተው» ሊለው የማይደፍረውን ምክንያት ነው።

ጃንዋሪ 8 ቀን 2005 ወረደ። ወለሉ ላይ ለመቆየት የመደበው አምስት ደቂቃ ያህል ነበር። ዐጥንት ብቻ ቀርቷል ብሎ ገምቷል። ሬሳው ግን በውኃው ውስጥ እንደ ሳሙና ወዳለ ነገር ተለውጦ ኖሮ፣ ከጭቃው ሲላቀቅ ተንሳፈፈ፤ ከረጢቱም አልገባ አለ። የመብራቱ ሽቦ ከመመሪያው ገመድ ጋር ተጠላለፈ። በዚያ ጥልቀት መታገል ትንፋሽ ያፋጥናል፤ የተቃጠለው አየር ከሰውነት መውጣት ያቅተዋል፤ አእምሮ ይደነዝዛል። ራሱ ላይ ያሰረው ካሜራ ያን ሁሉ፣ ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ፣ ቀድቶታል። ጓደኛው ዶን ሸርሊ ሊደርስለት ወደ ታች ሲቀጥል መሣሪያው ተበላሽቶበት ተመለሰ፤ ከውኃው ለመውጣት ከ12 ሰዓት በላይ ፈጀበት።

ቀጥሎ የሆነውን ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ «አበዛው» በተባለ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ መሣሪያዎቹን ለመሰብሰብ ገመዱ ሲሳብ የሾው ሬሳ ተንሳፎ ወጣ። ከሥሩ፣ በተጠላለፈው መስመር ተንጠልጥሎ፣ ዴዮን ነበር።

ድሬየሮች የሚቀብሩት ልጅ አገኙ። የሾው ሚስት በዚያው ሳምንት ሐዘን ተቀመጠች።