በሶው ያለቀ ቀን

ደሞዝ ካልገባልን ሁለት ወር ሆኖ ነበር። ድርጅቱ «ደንበኛው ክፍያ አዘግይቶብን ነው» ይላል፤ እኛ ደግሞ ኮድ መጻፋችንን አላቆምንም። በፊት ምሳዬን በስልክ አዝዤ በሞተር ነበር የማስመጣው። ብሩ ሲያልቅ አልጋዬ ስር መፈለግ ጀመርኩ።

አልጋዬ ስር እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችው በሶ ነበር፤ አምስት ኪሎ ይሆናል። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር ዶርም ውስጥ ያቆየኝ እሱ ነው። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን የተማሪ ምግብ መስሎ ታየኝና ከነፌስታሉ ተውኩት።

በሶ እኮ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። እሳት አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ጠርሙስ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ በሶና ትንሽ ጨው፣ ከዚያ መናጥ ነው። በሶውን ካስቀደማችሁ ታች ይጓጉላል (ይህን ባግ ለማግኘት ሦስት ጠዋት ፈጅቶብኛል)። ለምሳ ንፍሮ። ሽምብራና ስንዴ ማታ እነክራለሁ፣ ጠዋት እየሠራሁ ይበስላል፣ ሲወጣ ጨውና ሚጥሚጣ። አንድ በርገር ከማዝበት ብር አንድ ኪሎ ሽምብራ ገዝቼ ይተርፈኛል፤ ኪሎው ደግሞ ለቀናት ይበቃል። ሌሊት ያቃጥለኝ የነበረው ጨጓራዬም ቀለል አለኝ፤ ሚጥሚጣው እንዳለ ሆኖ።

ችግሩ በሶው አለቀ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ በሶ ይኖራል?»

«ያ ሁሉ አለቀ?»

«ጓደኞቼ ወደዱት።»

«አንተ በሶ ጠልተህ የለ እንዴ?»

«ለጤና ጥሩ ነው ብለው ነው።»

ዝም አለች። በየወሩ የምልክላት ብር ሁለት ወር ቀርቷል። የባንክ ሲስተም ነው ብያት ነበር፤ የኮምፒውተር ሰው ስለሆንኩ እንደምታምነኝ እርግጠኛ ነበርኩ። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ረዳት ደወለልኝና ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ከሥሩ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ክዳን ያለው ሳህን። ስከፍተው ጩኮ ነው፤ በቅቤ የራሰ። ቅቤ ስንት እንደገባ አውቃለሁ። እሷም እኔ ከምልክላት ውጪ ብዙ ገቢ እንደሌላት አውቃለሁ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላትና ደሞዝ እንዳልገባልኝ ነገርኳት።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «ጩኮውን ፀሐይ እንዳታስነካው፣ ቅቤው ይቀልጣል።»