«ደርሷል» ያልኩት ማዕከል

ያልደረሰውን የካንሰር ሕክምና ማዕከል ደርሷል ብዬ ሪፖርት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ተቋራጩ አላስገደደኝም፤ አለቆቼም ዋሽ አላሉኝም። ቀኑን የጻፍኩት፣ ከሥሩ የፈረምኩት፣ ስብሰባ ላይ ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ከሥራው ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አንተ እኮ ትልቅ ነገር ሠርተህ ነው የወጣኸው» ይለኛል። ምስጋናውን በዝምታ መቀበል ከብዶኛል። በየክልሉ እንዲህ ያለ ማዕከል የሚገነቡ የሙያ ጓደኞቼም የእኔን ጥፋት እንዳይደግሙት እፈልጋለሁ። ስለዚህ እናዘዛለሁ።

በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ከመተማም ከሞያሌም የተነሣ በሽተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ወረፋ መያዝ ነበረበት። ይሠራበት የነበረው የኮባልት መሣሪያ ደግሞ ጨረሩን የሚያገኘው ከውስጡ ካለው ምንጭ ነው። የዚያ ምንጭ ኃይል በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ሲደክም አንድ ሰው አልጋው ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ይረዝማል፣ በቀን የሚታከመው ሰው ያንሳል፣ ወረፋው ይንዛዛል። ከአዲስ አበባ ውጭ ማዕከላት ተገንብተው ሊኒየር አክስለሬተር እንዲተከልባቸው የተወሰነው ይህን ጭንቅ ለማቃለል ነበር። እኔም ከእነዚህ በአንዱ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተመደብኩ።

ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ አሠርቻለሁ፤ የሆስፒታል ማስፋፊያም መርቻለሁ። አርማታና ብረት አውቃለሁ፤ ከተቋራጭ ጋር መነታረክም አላቃተኝም። ጨረር ግን አላውቅም ነበር። አለማወቄን አላፍርበትም። የማፍርበት የምታውቀዋን ሰው አለመስማቴ ነው።

ሊኒየር አክስለሬተር ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ፍጥነት ከብረት ጋር እያላተመ ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። የሚተከልበት ክፍል ቡንከር ይባላል። ጨረሩ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ 2 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አርማታ ሊሆን ይችላል። በሙሌቱ መካከል ክፍተት ከተፈጠረ ጨረር ሊያፈተልክ ስለሚችል ሥራው በጥንቃቄ መከናወን አለበት። ለዚህ ሙሌት ስንዘጋጅ፣ በቅርቡ ሠልጥና የመጣች ሜዲካል ፊዚሲስት ፕላኑን ይዛ ቢሮዬ ገባች። «ኢንጂነር፣ የመለኪያው ኬብል የሚያልፍበት ቱቦ እዚህ ላይ የለም» አለችኝ። በእርሳስ አሳየችኝ። ቱቦው የሰው ክንድ ቢያስገባ ነው። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ተነሥቶ፣ ጨረሩ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ ርቆ፣ ወደ ታች አዘንብሎ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ይወጣል። የሚያዘነብለው ጨረር ቀጥ ብሎ እንዳያመልጥበት ነው።

አማካሪ መሐንዲሱን ጠየቅኩት። ፕላኑን አስተካክሎ ለማጽደቅ ሳምንታት ይፈልጋል አለኝ። ጊዜው ሰኔ ነበር። ሙሌቱ ካልተጠናቀቀ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ከሰኔ 30 በፊት አይደርስም፤ ያልተከፈለው ገንዘብ ደግሞ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል መመደቡን ማን ያውቃል? ልጅቷን «ይሄ ትንሽ ነገር ነው፤ በኋላ እንበሳዋለን» ብዬ ሸኘኋት። እሷም ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገባሁት፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ያ ቱቦ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መሣሪያው ተተክሎ ስለበራ ብቻ ሰው አይታከምበትም። ፊዚሲስቷ በውሃ የተሞላ ገንዳ ጨረሩ ሥር ታስቀምጣለች። ገንዳው የሰውን አካል የሚተካ ነው። ከዚያ በትንሽዬ መለኪያ ጨረሩን በየጥልቀቱና በየስፋቱ ነጥብ በነጥብ ትለካለች። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የአለካክ መመሪያ አለ፤ በዚያ ትመራለች። የተገኘው ቁጥር የሕክምና ዕቅድ የሚሠራበት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ በሽተኛ የሚያገኘው የጨረር መጠን ከዚያ ቁጥር ላይ ይሰላል። ጨረሩ ሲበራ ክፍሉ ውስጥ ሰው አይቆምም፤ ስለዚህ የመለኪያው ኬብል ግድግዳውን አልፎ ውጭ መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየግድግዳው ጀርባ የሚያልፍ ጨረር መኖር አለመኖሩን ፈትሾ ፈቃድ ይሰጣል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በእኔ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ይህ ሁሉ «ፍተሻና ርክክብ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች።

በዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ሕንፃው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወለሉ ያበራ ነበር። መሣሪያውም በእኔ ጥድፊያ ቀድሞ ተገዝቶ፣ እንደታሸገ መጋዘን ተቀምጧል። በግምገማው ስብሰባ ላይ የሥራው አፈጻጸም 96 በመቶ መድረሱንና ማዕከሉ በመስከረም በሽተኛ መቀበል እንደሚጀምር አስታወቅኩ። ተጨበጨበ።

ያ አኃዝ እንዴት እንደተሰላ ልናገር። በተከፈለ ገንዘብ ነው። ከግንባታው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አርማታው፣ ብረቱና ማጠናቀቂያው ስለሆነ እነሱ ሲያልቁ አኃዙ ወደ መቶ ይጠጋል። የቀረው በገንዘብ ሲታይ ጥቂት ነው። ግን የቀረው ምን ነበር? መሣሪያውን የሚያቀዘቅዘው ቺለር ገና አልገባም። ትራንስፎርመሩ አልተተከለም። ቱቦው የለም። ልኬቱ አልተጀመረም። ፈቃዱ አልተጠየቀም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አንድም ሰው አይታከምም። በበሽተኛ ዓይን ሲታይ ያ ማዕከል ዜሮ ላይ ነበር። ይህን ስብሰባው ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሐኪሞቹ ቃሌን አመኑ። ምን ያድርጉ? የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀን ከነገራቸው በሽተኛቸውን በዚያ ቀን ይቀጥራሉ። ከተቀጠሩት አንዷ የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት የገጠር እናት ነበረች። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። የእሷ ገና ዳሌዋ ውስጥ የተወሰነ፣ በጨረርና በመድኃኒት ለማዳን የሚሞከርበት ደረጃ ላይ ነበር። ሐኪሟ አዲስ አበባ ሄዳ ወረፋ እንድትይዝ፣ ካልሆነም መስከረምን እንድትጠብቅ ሁለቱን አማራጭ ነገራት። አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ሕክምናው በየቀኑ እየተሰጠ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቤት ኪራዩና ምግቡ ከየት ይመጣል? ልጆቿንስ ለማን ትተዋለች? መስከረምን መረጠች።

ሐምሌ ላይ ትልቁ ልጇ ግንባታው ቦታ ድረስ መጣ። ዝናብ ነበር፤ የፕላስቲክ ጫማው ጭቃ ለብሷል። ጥበቃው ወደ እኔ ጠቆመው። «ጋሼ፣ ማሽኑ እውነት መስከረም ይጀምራል? ካልሆነ ከብት ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰዳት ብዬ ነው» አለኝ። ቺለሩ ጉምሩክ እንኳ አለመድረሱን በዚያው ዕለት ጠዋት ሰምቻለሁ። «አይዞህ፣ መስከረም ነው፤ ከብታችሁን አትሽጡ» አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ አመስግኖኝ ሄደ።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም አለፈ። ያን ግድግዳ ለመብሳት አርማታና ብረት የሚቆርጥ መሰርሰሪያ ከነባለሙያው እስኪገኝ ጊዜ ወሰደ። ከተበሳ በኋላም ፊዚሲስቷ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን መከላከያ እንደ አዲስ ማስላት ነበረባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳምንታት አተርፋለሁ ብዬ ወራት ከሰርኩ። የእኔ ኪሳራ የጊዜ ነው። የዚያች እናት ግን ሌላ ነው።

ሐኪሟ ተስፋ ቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ሲልካት እብጠቱ የሽንት ቱቦዎቿን ዘግቶ ኩላሊቷ ደክሞ ነበር። ከጨረሩ ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሊሰጣት አልተቻለም። ለማዳን የሚሰጠው ሙሉ ሕክምናም አልፏት፣ ደሙን ለማቆምና ሕመሙን ለማስታገስ ጥቂት ጊዜ ጨረር ተሰጣት። ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

በጊዜው ብትታከም በእርግጥ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪሙም አልማለም። ግን የመዳን ዕድል ነበራት። ያን ዕድል የነጠቃት የእኔ ቃል ነው። ለብዙ ጊዜ ራሴን የማጽናናበት ምክንያት ነበረኝ፤ የውጭ ምንዛሪ ዘገየ፣ መብራት ኃይል አጓተተን፣ አቅራቢው ቃሉን አልጠበቀም። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም ቀን ስጥ ብሎ አላስገደደኝም። አንዱም ያን ልጅ ከብታችሁን አትሽጡ አላለውም።

ቆይቼ ልጁን ፈልጌ ሄድኩ። ለቅሶ ደርሼ ስጨርስ እውነቱን ነገርኩት። «ያኔ ስጠይቅዎ ያውቁ ነበር?» አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት። ዝም አለ። ይቅርታዬን አልተቀበለም፤ እንዲቀበለኝም መለመን ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ፊዚሲስቷንም ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷ «እኔን ይተዉኝ፤ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት የሚሆን ነገር ይጻፉልኝ» አለችኝ። የሚከተለውን የምጽፈው ለእሷ በገባሁት ቃል መሠረት ነው።

የቡንከር አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፊዚሲስቱ በፕላኑ ላይ ይፈርም። ያለ እሱ ፊርማ ክፍያ አይለቀቅ። ፊዚሲስት ካልተቀጠረ ግንባታው አይጀመር፤ ማሽን ከመግዛት ሰው ማሠልጠን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃልና። ቡንከሩ፣ መብራቱና ማቀዝቀዣው ሳይደርሱ መሣሪያው አይጫን፤ በጀት እንዳይመለስ ብሎ ማስመጣት ዕቃውን በሣጥን ለማስቀመጥ ነው። የጥገና ውልና መለዋወጫ ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ። በየግምገማው የሚቀርበው ሪፖርት የመጀመሪያው በሽተኛ እስኪታከም ድረስ የቀረውን ሥራ አንድ በአንድ ይዘርዝር፤ የተከፈለው ገንዘብ በሌላ ገጽ ይቅረብ። የመክፈቻውን ቀን ደግሞ ልኬቱን የጨረሰው ፊዚሲስትና ፈቃዱን የሰጠው ተቆጣጣሪ ይናገሩ እንጂ የግንባታው ኃላፊ አይናገር።

ከሁሉም በላይ፣ አዲሱ ማዕከል የመጀመሪያውን በሽተኛ እስኪያክም ድረስ ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ አንድም ሰው እንዲጠብቅ አይደረግ። «መቼ ይጀምራል?» ተብሎ የተጠየቀ ሥራ አስኪያጅ «አላውቅም፤ አትጠብቁን፣ ሂዱ» ለማለት ይድፈር። በሪፖርቱ ያፍር ይሆናል፤ ይወቀስም ይሆናል። እኔ ያን ዕለት እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከብቱን ሸጦ እናቱን በሐምሌ አዲስ አበባ ያደርሳት ነበር።