ጸጋቸው ነው

አገልግሎት የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው ቆጥሬ አላውቅም። የምሠራው በባንክ መስኮት ነው፤ በዚያ ቤት ይህ ቃል ያልተለጠፈበት ግድግዳ፣ ያልታተመበት ቅጽ የለም። የደንበኞች አገልግሎት፣ የአገልግሎት ሰዓት፣ የአገልግሎት ክፍያ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ይኸው ቃል ሌላ ልብስ ለብሶ ይጠብቀኛል። በእኛ በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ ዛሬ «አገልጋይ» ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው መድረክ ላይ የሚቆም፣ ድምፅ ማጉያ የሚጨብጥ፣ ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። «አገልጋዩ መጡ» ሲባል ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቃል። ቃሉ ከጓዳ ወጥቶ ሰገነት ላይ ሲቀመጥ ማን እንዳየው እንጃ።

አባቶቻችን ልጆቻቸውን ገብረ ማርያም፣ ገብረ ኢየሱስ ብለው ሲሰይሙ «ገብር» ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት መሆኑን አልዘነጉም። ዐለት አስፈልፍሎ አብያተ ክርስቲያናትን ያሳነጸው ንጉሥ ላሊበላ እንኳ የንግሥና ስሙ ገብረ መስቀል ነበር። ንጉሥ ወደ ታች ዝቅ ብሎ የተጠራበትን ስም እኛ ወደ ላይ መውጫ መሰላል አደረግነው።

አማርኛ ግን ብልህ ቋንቋ ነውና ቃሉን በሌላ ዕቃ ውስጥ ደብቆ አኑሮታል። መንገደኛ ስንቁን የሚይዝበት፣ በሣር ተሰፍቶ ውጪው በቆዳ የተለበጠው ዕቃ አገልግል ይባላል። ለሐዘንተኛ፣ ለአራስ፣ ለታሰረ ዘመድ ምግብ የሚሄደው በእርሱ ነበር። ፊደሉን ሳንለውጥ ስናነበው ደግሞ ትእዛዝ ይሆናል። ከዓመታት በፊት በዚህ ላይ ሁለት ስንኝ ቋጥሬ ነበር፤ አንባቢ ይታገሠኝና፦

እናቴ ስትሸኘኝ ምንም አላለችኝ፣
አገልግል ብቻ ነው በጄ ያስያዘችኝ።

ይህን ሁሉ መግቢያ ያበዛሁት ስለ አንዲት ሴት ለመናገር ብዬ ነው። ስማቸውን ብጽፈው ደስ አይላቸውምና እኛ እንደምንጠራቸው እትዬ ብቻ ልበላቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሻይና ዳቦ ይቀርባል። ትልልቆቹን ማንቆርቆሪያዎች ጥደው፣ 200 ያህል ብርጭቆ ደርድረው፣ በኋላም አጥበው የሚመልሱት እትዬ ነበሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያደገድጋሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም፤ ሲቀመጡ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ነገር ግን እትዬን ልዩ ያደረጋቸው የሥራቸው ብዛት አይደለም። ሥራ የሚያበዛ ሰው በየቤቱ አለ። እኔ በመስኮቴ ተቀምጬ «ምን ልርዳዎት?» እላለሁ። ይህን የተማርኩት በሥልጠና ነው፤ ፈገግታው ሳይቀር በመመሪያ ላይ ተጽፎ ተሰጥቶናል። በሐቅ እሠራለሁ፣ ደመወዜንም በሐቅ እበላለሁ። ግዴታ ነው፤ ግዴታም የተከበረ ነገር ነው። ጸጋ ግን ከጥያቄው ይቀድማል። እትዬ «ምን ልርዳህ?» ሲሉ አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም።

አንድ ሰው ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን መጣ። ለብዙ ዓመታት ሻዩን ተሰልፋ የምታመጣለት እርሷ ነበረችና ወረፋ መያዝ አያውቅበትም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። እትዬ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አይተውት ኖሮ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ሄዱ። ሰውየው ቀመሰና አንገቱን ደፋ። ሻዩ ስኳር አልነበረውም። የስኳር ሕመም እንዳለበት፣ ሚስቱም ሁልጊዜ ያለ ስኳር ታስቀዳለት እንደነበር ልብ ብለው ይዘውት ነበር። ስለ ማጽናናት የተሰበኩ ብዙ ስብከቶችን ሰምቻለሁ፤ ያን ብርጭቆ የሚያህል ግን አላስታውስም።

ሌላም ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ቁርስ አለመብላቷ ፊቷ ላይ የሚነበብ ተማሪ ነበረች። እትዬ ዳቦ አልሰጧትም። «የኔ ልጅ፣ እስኪ ይህን ቅመሺልኝ፤ ጨው በዝቶበት እንደሆን እኔ ምላሴ ደንዝዟል» አሏት። ቀመሰች። «እንደገና ቅመሺ፣ ከመሐሉ።» ልጅቷ ሙሉውን ዳቦ በልታ ጨረሰች፤ ቀማሽ እንጂ ተመጽዋች ሳትሆን። ከዚያም ትሪ አሸክመዋት ብርጭቆ ስትሰበስብ አየኋት። የማገልገል ጸጋ የምለው ይህንን ነው። እጅ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ነው። የሌላውን ጉድለት ከማየት አልፎ፣ ጉድለቱ የሚያፍርበትን ስፍራ ጭምር የሚያይ ዓይን።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 12 ላይ ጸጋዎችን ሲዘረዝር ማገልገልን ከትንቢት ቀጥሎ፣ ከማስተማር አስቀድሞ አስቀምጦታል። ከቅደም ተከተሉ ብዙ ትርጉም ልፈልቅቅ አልሻም፤ ከመዝገቡ አለመውደቁ ይበቃኛል። ይልቅ የሚደንቀኝ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለው ታሪክ ነው። በኢየሩሳሌም ዕለታዊው ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት የቃሉን ሥራ ትተው ማዕድ ሊያስተናግዱ እንደማይገባ ተናገሩና ሰባት ሰዎች ተመረጡ። እዚህ ላይ ብዙዎች «እነሆ፣ ቃል ከማዕድ ይበልጣል» ብለው ያልፋሉ። በግሪክኛው ግን የምግቡም ዕደላ፣ የቃሉም ሥራ የተጠራው በአንድ ስም ነው፤ ዲያኮኒያ። የእኛው «ዲያቆን» የሚመዘዘው ከዚሁ ዘር ነው። ለማዕዱ ሥራ የተጠየቀው መመዘኛም መልካም ምስክርነት፣ መንፈስና ጥበብ ነበር። እንጀራ ለማደል ጥበብ! ስታስበው ግን ልክ ነው። መበለቶቹ የተዘነጉት እንጀራ ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚያያቸው ዓይን ጠፍቶ እንጂ።

ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሰባቱ ሲያስተናግዱ አንድም ቀን አያሳየንም። ወዲያው ወደ እስጢፋኖስ ንግግርና ወደ መወገሩ፣ ከዚያም ወደ ፊልጶስ ጉዞ ይቸኩላል። ጸሐፊዎች ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ንግግር ለመጻፍ ይመቻል፣ ሳህን ማቅረብ አይመችም። ሆኖም በጋዛ መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ የቀረበው ይኸው ለማዕድ የተመረጠው ፊልጶስ መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። (ጃንደረባው የንግሥት ህንደኬ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርና የሙያ ባልደረባዬ ነው ብዬ ብኮራ አይፈረድብኝም። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የገንዘብ ከረጢት የያዘው ማን እንደነበር ስለማውቅ፣ የኛ ሙያ ያለችው መልካም ስም ይህች ናት።) ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በቂሳርያ በፊልጶስ ቤት በእንግድነት ሲያርፍ፣ ሉቃስ ባለቤቱን ወንጌላዊ ብሎ ሳያበቃ ከሰባቱ አንዱ መሆኑን ይጨምርበታል። ዝናው ማዕዱን አላስረሳውም ማለት ነው። እንግዶቹም በዚያ ቤት ለብዙ ቀናት ተቀምጠዋል፤ ሲበሉ መክረማቸውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

የማርታ ነገር ደግሞ አለ። በየዓመቱ አንድ ሰባኪ ስለ ማርታና ስለ ማርያም ያስተምራል፤ ማርታ በሥራ መባከኗ፣ ማርያም በጌታ እግር ሥር መቀመጧ ይነገራል። ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ስብከቱን የሚሰሙት ብርጭቆ እያጠቡ በኩሽናው ድምፅ ማጉያ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12፣ አልዓዛር ከሞት ከተነሣ በኋላ በቢታንያ በተደረገው እራት ላይ ማርታ እንደገና ስታገለግል እናገኛታለን። በዚያን ምሽት የወቀሳት የለም። ይህኛው ምዕራፍ ስለ ማርታ ሲሰበክ ግን እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በ2011 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ለአገልጋዮች የምስጋና ቀን ተዘጋጀ። ስሞች ከየክፍሉ ዝርዝር እየተነበቡ፣ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ እየተሰጠ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። መዘምራኑ፣ አስተማሪዎቹ፣ አስተናጋጆቹ፣ የድምፅ ባለሙያዎቹ ተጠሩ። እትዬ በየትኛውም ክፍል አልተመዘገቡም ነበርና ስማቸው አልነበረም። በዚያች ሰዓት ከአዳራሹ ጀርባ ለአገልጋዮቹ ምሳ እየሠሩ ነበር። አንድ ወጣት ነገሩ ከንክኖት ሮጦ ሄዶ ጠራቸው። ከነሽርጣቸው በሩ ድረስ መጡ፤ ሰዉን አዩ፤ «ኧረ ወጡ ያርርብኛል!» ብለው ተመለሱ። አዳራሹ ሣቀ። እኔ ሣቁን ወደድኩት፤ ከሣቁ በኋላ የመጣውን ግን አልወደድኩትም። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው በፍጹም ቅንነት «ጸጋቸው ነው እኮ» አለ፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያቺ ቃል ናት ይህን ያስጻፈችኝ። «ጸጋቸው ነው» ማለት በእኛ ዘንድ ምስጋና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የእጅ መታጠቢያ ውኃ ነው። ጸጋቸው ከሆነ አይደክማቸውም። ጸጋቸው ከሆነ ማንቆርቆሪያውን ማገዝ ጸጋቸውን መሻማት ነው። ይህ ጸጋ ደግሞ በሚያስገርም ሁኔታ በሴቶች፣ ይልቁንም ባላቸው በሞተባቸውና መከራከሪያ በሌላቸው ሴቶች ላይ ይበዛል! የዘማሪ ድምፅ ሲጎረና ሐኪም ይፈለጋል፣ ዕረፍት ይሰጣል፣ ማር ይላካል። የእትዬ ጉልበት ሲያብጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ ከሥሩ የተጣመመ ይመስለኛል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ሄጄ አይቻለሁ፤ ከአጠባው በላይ የሳበኝ ጉልባኑ ቢሆንም። ካህኑ የሚያጥበው ለማጠብ ልዩ ስጦታ ስላለው አይደለም፤ ጌታው ስላጠበና እንዲሁ አድርጉ ስላለ ነው። ማገልገል ለሁሉ የተሰጠ ትእዛዝ ሲሆን ለአንዳንዱ ደግሞ ስጦታ ነው። እትዬ ከእኛ የሚለዩት እንዴት እንደሚደረግ በማወቃቸው ነው እንጂ እኛ ከማድረግ ነጻ ስለወጣን አይደለም። ባለ ጸጋ የተሰጠን ይህን እንድንማርበት ይመስለኛል፤ እኛ ግን ሸክማችንን ጫንበት።

በ2015 ዓ.ም. ጉልበታቸው እንቢ አለ፤ ሐኪም መቆም ከለከላቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተተኪ ፈለጉ፤ አንድ ሰው አልበቃም፤ አራት ሰዎች በተራ ተመደቡ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ወንዶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሻዩ ዘገየ፣ ዳቦው አነሰ፤ ስኳር የሌለበትን የሚያውቅ ጠፋ። አሁን ተሻሽሏል። ያቺ ዳቦ ቀማሽ ተማሪ ከአራቱ አንዷ ናት፤ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ ማንቆርቆሪያውን ግን አልተወችም። ከእርሷ ጋር በወር አንድ እሑድ ብርጭቆ አጥባለሁ። የተሰጠኝ ጸጋ ባይኖርም ብርጭቆ ማጥራት ይቻለኛል።

እትዬ ዛሬ ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ዳር ይቀመጣሉ። ያቺን ወንበር የመረጡት ጉልበታቸውን ለመዘርጋት ነው ይላሉ። ባለፈው እሑድ በጸሎት መካከል አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ዘግይታ ገብታ ቆመች። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር፤ እኔ ግን የከዘራ ድምፅ ሰምቼ ገለጥኩ። እትዬ አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሴትየዋን በጣታቸው እየጠሩ ነበር።