አንድ ክዳን ለአንድ ሊትር

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ባለው የሚኒቶንካ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ወዳጄ ጀልባውን ከማስነሳቱ በፊት ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። የባሕር ዳር ልጅ ነው። ከጣና ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሲጠገኑ እያየ ነው ያደገው። የዘይት ማጠራቀሚያው ጎን ላይ ቀጭን የፕላስተር ቁራጭ ለጥፏል።

«አሁን ዘይቱ እዚህ ነው። ስንመለስ እዚህ መድረስ አለበት» አለኝ፣ ጣቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ።

«ባይቀንስስ?»

«ባይቀንስማ ሞተሩ ዘይት አልጠጣም ማለት ነው። መፍራት ያኔ ነው።»

እኔ ደግሞ ዘይት ሲጎድል እንጂ ሲሞላ የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሐሳቤ ወዲያው አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሄደ፤ ከጎላጉል ጀርባ ወዳለው የእህቴ ጁስ ቤት።

2011 ዓ.ም. ነበር፤ እኔም ለእረፍት አገር ቤት ነበርኩ። የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ በግንቦት ወር መብራት በፈረቃ ሆነ። 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ሲደክም፣ ሃያ ሁለት ላይ ከየበረንዳው የትንንሽ ጄኔሬተሮች ጩኸት ይሰማ ጀመር። እህቴም አንዲት ገዛች፦ በአንድ እጅ የምትነሣ፣ ገመድ ተስቦ የምትጀምር፣ አንድ የጁስ መፍጫና ሁለት አምፖል የምትችል። ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ከወዳጄ የጀልባ ሞተር ጋር የሚያዛምዳትም ይኸው ነው።

የመኪና ሞተር ዘይቱን ከታች በራሱ ቋት ይይዛል። ዘንጉን መዘዝ፣ ጠረግ፣ እንደገና ከተት አድርጎ ማየት ነው። እንዲህ ያለችው ጄኔሬተር ግን የምትመዘዝ ዘንግ የላትም። የሞተሩ ሆድ የአየርና የቤንዚን መተላለፊያ ስለሆነ ዘይት አይጠራቀምበትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እንደ ጉም ሆኖ ይገባል፤ ኩሽኔታውን፣ ፒስተኑን፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየነካ አልፎ ይቃጠልና በማርሚታው ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን የራሱን ዘይት ይዞ መምጣት አለበት። ልኩ 50 ለ 1 ከሆነ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር ጀሪካን 100 ሚሊ ሊትር ነው። ቤንዚኑ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ዘይት እንደገባበት በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስተማሯት ጎረቤታችን የነበሩ መካኒክ ናቸው፤ «አንድ ክዳን ለአንድ ሊትር፣ ከዚያ ጀሪካኑን ነቅነቅ ማድረግ።» ክዳኑ የዘይቱ ጠርሙስ ክዳን ነው። ደንቡ ለሳምንታት ሠራ። ጋሼ ራሳቸውም ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ መንገድ ተሻግሮ ከሚመጣው ድምፅ ብቻ «ዛሬ ዘይት አብዝታችኋል፣ ታፍናለች» ይሉ ነበር። ካንዴላው ሲወጣም ጠቁሮና ረጥቦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጆሮ እዚህ ሚኒሶታ አላጋጠመኝም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን የዘይቱ ዓይነት ተለወጠ። የድሮው ስለጠፋ ሱቁ ሌላ ሰጠን፤ እሱም የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው፣ ጥፋት የለበትም። ክዳኑ ግን ጠለቅ ያለ አልነበረም። የሚሠራልን ልጅ የተነገረውን አንድ ሳያጓድል አንድ ክዳን ለአንድ ሊትር መጨመሩን ቀጠለ። እኔ ራሴ ሁለት ቀን ቀላቅያለሁ፤ ዓይኔ እያየ አላስተዋልኩም። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቀጠነ፣ ብረት ብረት የሚል ነገር መጣበት፣ ከዚያ ዝም አለ። ገመዱም አልሳብ አለ።

ጋሼ ሲፈቱት የፒስተኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ፋሻዎቹም ከቦታቸው ተጣብቀዋል። ሁለቱን ክዳኖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ውኃ ሞሉባቸው። አዲሱ የአሮጌውን ግማሽ ያህል ነበር የሚይዘው። «ክዳን ብዬ ነገርኳችሁ፤ ስንት እንደሚይዝ አልነገርኳችሁም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን አልረሳውም። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። እኔ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ እችል ነበር።

እዚህ ሚኒሶታ ግን የዘይቱ ጠርሙስ ራሱ መለኪያ ነው፤ ጎኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር ከነቁጥሩ አለው። የወዳጄ ሞተር ላይ እንደውም መቀላቀል የለም። ዘይቱ ለብቻው ይቀመጣል፤ ፓምፕ ነው የሚያደርሰው፣ ሞተሩ ቀስ ሲል አነስ፣ ሲፈጥን በዛ እያደረገ። ዘይቱ ሲያልቅ ጡሩምባ ይጮኻል። ብዙ ባለ ጀልባ በዚህ ተማምኖ ክዳኑን ሳይከፍት ክረምት ይገባል። ጡሩምባው ግን በብዙዎቹ ሞተሮች የሚያውቀው ማጠራቀሚያው መጉደሉን ነው፤ ፓምፑ ቢሰበር ዘይቱ እንደሞላ ይቀመጣል፣ ጡሩምባውም ዝም ይላል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ፕላስተሩ ለዚህ ነው። ስንመለስ ወዳጄ የጠፋውን ቤንዚንና የቀነሰውን ዘይት አመዛዝኖ በደብተር ጻፈ። ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለው ከጣና ነው፤ መለዋወጫ በቀላሉ የማይገኝበት ሐይቅ ላይ ማንም መሣሪያን ዝም ብሎ አያምንም አለኝ።

እግረ መንገዴን፦ ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተሮች እስከ ሩብ የሚደርስ ቤንዚናቸውን ሳይቃጠል ያወጡታል። እዚህ አሜሪካ፣ በታሆ ሐይቅ ላይ በ1999 እ.ኤ.አ. የተከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዘይት «ለጥንቃቄ» ማብዛትም ሞተሩን አይጠቅምም፤ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ጭሱም ውኃው ላይ ይቀራል። ጣናን የሚወድ ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

ከሐይቁ በተመለስንበት ሳምንት ለእህቴ ልልክላት የጀልባ ዘይት ገዛሁ፤ ጥሩውን፣ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለውን። ወዳጄ አስቆመኝ። የጀልባ ሞተር በሐይቅ ውኃ ስለሚቀዘቅዝ ዘይቱ ለዚያ የተሠራ ነው፤ በአየር ብቻ የምትቀዘቅዘው ጄኔሬተር በጣም ስለምትግል ሌላ ዘይት ትፈልጋለች፣ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል። የመኪና ዘይትማ ለሁለቱም አይሆንም፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። ዘይቱን መልሼ በምትኩ ደወልኩላት።

«እታለም፣ በምንድን ነው አሁን የምትለኩት?»

ስልኩን ወደ በረንዳው አዞረችው፤ ጄኔሬተሯን ጭሱ ቤት እንዳይገባ ከደጅ ነው የምታስነሣት። ከአምስት ሊትሩ ጀሪካን እጀታ ላይ በሲባጎ የታሰረ፣ መርፌ የሌለው የፋርማሲ ስሪንጅ ተንጠልጥሏል፤ ባለ 20 ሚሊ ሊትር። ጀሪካኑ ላይ በማርከር «5 ስሪንጅ» ተጽፏል፣ ከሥሩም የተቀላቀለበት ቀን። ከማዶ አንድ የማውቀው ድምፅ «ደህና ናት!» ሲል ሰማሁ።