የሰው ወርቅ አያደምቅ

የእግር ኳስ ቡድን የሚሠራው እንደ ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቤት ተገዝቶ በአንድ ቀን ሊገባበት ይቻላል፤ ወይም መሠረቱ ተቆፍሮ፥ ማገሩ ተማግሮ ቀስ በቀስ ይቆማል። በሁለቱም ይታደራል፤ ዳሩ ግን ምሰሶውን ጠንቅቆ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። እኔም የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ እንደ መሆኔ መጠን፥ በልቤ የሚመላለሰውን ጥርጣሬ በዚህ መጽሔት ለጓደኞቼ ለማካፈል አሰብሁ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አሳቢነት በአራዳ ተመሠረተ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ዘመናቸውን ለዚሁ ቡድን አበረከቱ። በ1954 ዓ.ም. አገራችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስትወስድ፥ አራተኛውን ግብ ያገቡት መንግሥቱ ወርቁም የዚሁ ቡድን ልጅ ነበሩ።

ተጫዋች ከሌላ ማምጣት ነውር ነው አልልም። አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ለቡድናችን ብዙ ደክሞለታል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በዛምቢያ ላይ ግብ ያገባው እርሱ ነው። ግብ ጠባቂው ሮበርት ኦዶንካራም ከኡጋንዳ መጥቶ ለዓመታት አገልግሏል። ቡድናችን በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከምድብ ሲደርስ እርሱም ከቡድኑ ጋር ነበረ።

ጥርጣሬዬ የሚጀምረው መግዛት ልማድ ሲሆን ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወሰድን። በ2016 ከታችኛው ሊግ ገና የወጣው ንግድ ባንክ፥ በ2017 ደግሞ መድን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በገርጂ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ይገዛ!»

ታላቅ ወንድሜን፥ «ወንድም ጋሼ፥ ከተስፋው ቡድን ለምን ልጅ አይገባም?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ልጁ እስኪበስል ዋንጫው ይሄዳል» አለኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ልጅ በአንድ ክረምት አይበስልም። ሆኖም የተገዛውም ቢሆን ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ከሆነ፥ የጓደኛውን ዓይን አይቶ ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ሲጀምር ጓዙን ይጠቀልላል። በሚቀጥለው መስከረም እንደ ገና ከሀ መጀመር ነው።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። ከቦሌ እስከ ገርጂ ኳስ ከምንጫወትባቸው ሜዳዎች ብዙዎቹ ሕንፃ ሆነዋል። በዚሁ በቦሌ ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60,000 ሰው በላይ እንዲይዝ ታስቧል። መቀመጫው ይህን ያህል ከሆነ፥ በሜዳው ላይ የሚሮጠው ማን ይሆን? በክፍላችን ኳስ ከእግሩ የማትለይ ልጅ አለ፤ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ቡድናችን የጎደለውን ይግዛ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሁለት ልጆችን ከተስፋው ቡድን አውጥቶ ያሰልፍ። እኛም ደጋፊዎች ልጁ አንድ ኳስ ቢስት «ይውጣ!» ብለን አንጩኽ። በትዕግሥት የማይጠብቅ ደጋፊ፥ አመራሩን ገበያ የሚያስወጣው ራሱ ነውና።