ተበላ ደርሼ መጣሁ

ከሶዶ በአርባ ምንጭ መንገድ ተበላ ስወርድ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሁምቦ ተራራ ነው። በነርስነት በመጣሁ ጊዜ ራቁቱን ነበር፤ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየከረከሙ 2,728 ሄክታር ላይ ደን መልሰዋል።

እህቴ ቤት ቦዬ በዳጣ ቀረበ። ልጇ አዲስ አበባ ከፕሮግራመሮች ስብሰባ መመለሱ ነው። የጻፉትን ኮድ በነፃ ይሰጣጣሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል።

«ማን ይከፍልሃል?» አልኩት።

«አክስቴ፣ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 እኮ እንዲሁ ነው። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይመራዋል፤ የየአገሩ ባለሙያ ይጨምርበታል።»

ዝም አልኩ። እኛ ወር በመጣ ቁጥር በኩራዝ ነበር የምንደምረው። አንድ ጊዜ የኩፍኝ ክትባት ድምሬ ጎደለና ክትባቱም በዚያው ልክ መጣ። እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። ድምሬን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

«እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ቦዬው እስኪቀዘቅዝ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅረን ቆየን።