ሰፈር በወሬ አይመረጥም

ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሊዘዋወር ያሰበ አበሻ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ስልክ መደወል ነው። ዘመድ ይጠየቃል፣ የዘመድ ጓደኛ ይጠየቃል። ምክሩም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። «ሲልቨር ስፕሪንግ አበሻ የሞላበት ነው፤ ግን ኪራዩ እሳት ነው።» «ውድብሪጅ ሂዱ፣ በዚያው ገንዘብ ግቢ ያለው ቤት ታገኛላችሁ።» «ፒጂን ግን እንዳታስቡት!»

ሁሉም የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ሰላም ያለው፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ልጆች እንደ ባዕድ የማይታዩበት ሰፈር። ፍላጎቱ ትክክል ነው። ችግሩ ሦስቱም የሚመዘኑት በሌላ ሰው ኑሮ መሆኑ ነው። ምክር ሰጪው የሚናገረው ስለ ራሱ የሥራ ሰዓት፣ ስለ ራሱ መኪና፣ አንዳንዴም ስለ ራሱ ፍርሃት ነው።

ከዴንቨር ለመነሳት የተዘጋጁ አንድ ባልና ሚስት በዚህ ምክር መካከል ወራት አሳልፈዋል። ሚስት ዲሲ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ አግኝታለች፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መግባት አለባት። ባል በከተማዋ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ይዟል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ 14 ዓመቱ፣ ትንሿ 6። የሚስት እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። እማማ መኪና አይነዱም፣ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም።

ባል ያዘነበለው ወደ ውድብሪጅ ነበር። ያዩት ቤት ኪራዩ ሜሪላንድ ውስጥ ዊተን ላይ ካዩት አፓርታማ በወር 600 ዶላር ይቀንሳል፤ ጓሮም አለው። «ልጆቹ የሚሮጡበት ይኑራቸው እንጂ!» አለ። ማንም አባት የሚለው ነው። ሚስት ግን ወረቀት አውጥታ መደመር ጀመረች።

ውድብሪጅ ከዲሲ በግምት 25 ማይል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 50 ማይል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ለ2025 ለሥራ የተነዳ መኪና ያስቀመጠው ሂሳብ በማይል 70 ሳንቲም ነው። ይህ ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውንና የመኪናውን ማርጀት ይጨምራል። በዚህ ሂሳብ አንድ ሰው በቀን 35 ዶላር፣ በ21 የሥራ ቀን 735 ዶላር መንገድ ላይ ያፈሳል። የሁለቱ ሰዓት ስለማይገጥም ሁለት መኪና ያስፈልጋል። በወር 1,470 ዶላር ማለት ነው።

ዊተን በሜትሮ ቀይ መስመር ላይ ነው። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ቀናት የሜትሮ ዋጋ እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው። ጣሪያውን ቢከፍሉ እንኳ ለሁለት ሰው በወር 567 ዶላር ይሆናል። የ903 ዶላር ልዩነት! በኪራይ የተረፈው 600 ዶላር በመንገድ አለቀ፤ ጭራሽ 303 ዶላር ዕዳ ተጨመረበት።

ይህ ገንዘቡ ብቻ ነው። በቀን የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ቢኖር በወር 31 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አራት ሙሉ የሥራ ቀን ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ከእንቅልፍ ወይም ከልጆች።

ቺካጎ የሚገኘው ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የሚባል ተቋም ይህን ነገር ለዓመታት ሲያስረዳ ኖሯል። አንድ ሰፈር አቅም ያገናዘበ ነው የሚባለው የቤትና የትራንስፖርት ወጪ ተደምሮ ከቤተሰቡ ገቢ 45 በመቶ ሳያልፍ ሲቀር ነው ይላል። ኪራዩን ብቻ አይቶ «ርካሽ» ማለት የሽሮውን ዋጋ ይዞ ዘይቱን እንደ መርሳት ነው።

ለውድብሪጅ ፍርድ ማዛባት አይገባም። እዚያ በቢሮ ሰዓት የሚሠራ ሰው የተሳፋሪ ባቡር አለው። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ መኪና ተጋርተው በነጻው መስመር የሚሄዱበት፣ «ስለጊንግ» የሚባል የቆየ ልማድም አለ። ቤት ለመግዛት እቁብ ለሚጥል ቤተሰብም ቦታው ተስፋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባቡሩ የቢሮ ሠራተኛን ሰዓት ተከትሎ የሚሮጥ ነው፤ ማታ ለሚወጣ የጋራዥ ሠራተኛ አይጠብቅም። ዳላስ ኤርፖርት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ ለእሱ ስተርሊንግና ሄርንደን ይቀርባሉ። ጥሩ ሰፈር የሚባለው እንደ ሥራው ሰዓትና ቦታ ይለያያል።

ሰላም የሚለው ቃል ከሁሉም ይከብዳል። የቤት ደላላን «ሰፈሩ ሰላም ነው? ምን ዓይነት ሰው ይኖርበታል?» ብሎ የጠየቀ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛ መልስ አያገኝም። ደላላው ሊደብቅ ፈልጎ አይደለም። በ1968 የወጣው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ደንበኛን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደ አንዱ ሰፈር መግፋትን፣ ከሌላው ማራቅን ይከለክላል።

ደላላው በሕግ የተከለከለውን ግን ዘመድ በነጻ ይሠራዋል። «ፒጂ እንዳትሄዱ» የሚለው ምክር ሲገለጥ ትርጉሙ ብዙውን ጊዜ «ጥቁር ይበዛበታል» ነው። ይህን የሚለው ራሱ ጥቁር የሆነ አበሻ ነው! ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር ሆኖ በሀብቱ በአሜሪካ ከሚጠቀሱት ካውንቲዎች አንዱ ነው። እንደ ቡዊ ያሉ ጸጥ ያሉ፣ ባለ ሰፊ ግቢ ከተሞች አሉት፤ ወንጀል የሚበዛባቸው መንገዶችም አሉት። ሞንትጎመሪም ሁለቱም አለው። ካውንቲን በጅምላ መፍረድ ስለ ሰላም ምንም አይናገርም።

ታሪኩም መታወስ አለበት። ዛሬ «የአበሻ ሰፈር» የሚባለው ሲልቨር ስፕሪንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በብዙ የቤት ውሎቹ ላይ ለጥቁር መሸጥና ማከራየት የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤት ማስፈጸም እንደማይችል የወሰነው በ1948 ነው። የ1968ቱ ሕግ የተፈረመው ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነበር። አበሻው ዛሬ ያለ ከልካይ የሚገባበትን በር የከፈቱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በዚያ በር ገብቶ ከእነሱ መሸሽን «ሰላም ፍለጋ» ማለት ቢያንስ ሊያሳፍር ይገባል።

ታዲያ የሰፈር ሰላም በምን ይለካል? ፖሊስ የሚያወጣውን የወንጀል ካርታ በካውንቲ ሳይሆን በመንገድ ማየት ይቻላል። ሰፈሩን ንጋት ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅና ቅዳሜ ማታ ሄዶ ማየት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤት ውስጥ ማን አለ? አባትና እናት ሁለቱም መንገድ ላይ የቀሩበት ቤት፣ ሰፈሩ የቱንም ያህል ጸጥ ቢል፣ ለ14 ዓመት ልጅ ሰላም ላይሆን ይችላል።

የነዋሪዎች ስብጥርም እንዲሁ የምግብ ቤት ብዛት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መልእክት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ማለት ወላጆች ሥራ ላይ ሳሉ ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት አያት ማንበብ ይችላሉ ማለት ነው። እማማ ስለ ውድብሪጁ ቤት ሲጠየቁ የመለሱት አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ጓሮውስ ጥሩ ነው። ግን እኔ እዚያ ተቀምጬ ማንን ልጠብቅ?» በእግራቸው ሱቅ መሄድ፣ በአውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን መሳለም የሚችሉበትን ቦታ እንጂ ሰፊ ቤት አልፈለጉም።

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ የያዙት ዊተን የሚገኘውን አፓርታማ ነው። ሕንጻው አሮጌ ነው፣ ሊፍቱ ያጉረመርማል፣ ጓሮ የለም። ትልቁ ልጅ ለብቻው ክፍል እንደማይኖረው ሲነገረው ሁለት ቀን አኮረፈ። ባልም ጓሮውን እስካሁን ያነሳዋል። ያለ ኪሳራ የተገኘ ምርጫ አይደለም።

አሮጌነቱ ግን የማይታይ ጥቅም አለው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ባጸደቀው፣ በ2024 ሥራ ላይ በዋለው የኪራይ ሕግ መሠረት ዓመታዊ ጭማሪ ከ6 በመቶ አይበልጥም። ሕጉ 23 ዓመት ያልሞላቸውን ሕንጻዎች አይነካም። የሚያብረቀርቀው አዲስ ሕንጻ ኪራዩን እንደ ገበያው ሊያስወጣው ይችላል፤ አሮጌው ግን ልጓም አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። የዛሬውን ኪራይ ብቻ ያየ ቤተሰብ የሦስት ዓመት በኋላውን አላየም። ልጅን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚያንከራትተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያልታየው ጭማሪ ነው።

ስለዚህ ስልክ መደወሉ አይቅር፤ ጥያቄው ግን ይቀየር። «የት ጥሩ ነው?» ከማለት ይልቅ «ከቤት ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ስንት ሰዓት ትገባላችሁ? ባለፈው ዓመት ኪራይ ስንት ጨመረባችሁ? መኪናው ቢበላሽ በምን ትሄዳላችሁ? ልጆቹን ማን ይቀበላቸዋል?» ይባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ዘመድ መልስ አለው፤ መልሱም ከወሬ የተሻለ ነው።